የጎማ ውጣ ውረድ፦ ለጋይንት፣ ለእስቴና ለስማዳ መንገድ የሚሆን ሰስፔንሽን

የመኪና ጎማ ከሻንሲው አንጻር ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ጫፍ የሚንቀሳቀስበት ርቀት የሰስፔንሽኑ ውጣ ውረድ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ይዘረጋል፤ ድንጋይ ሲገጥመው ወደ ላይ ይሰበሰባል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ጎማው ካለበት ነጥብ ወደ ላይ የቀረው ርቀት ሽቅብ ድርሻ፣ ወደ ታች የቀረው ደግሞ ቁልቁል ድርሻ ሊባል ይችላል። የሁለቱ ድምር ሙሉው ውጣ ውረድ ነው። በተለመደው ፒክ አፕ ላይ ይህ ድምር ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ በረሃ በሚካሄደው ውድድር የሚሮጡት ልዩ መኪናዎች ግን የኋላ ጎማቸው 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ይህን ልክ ብዙ ሰው ከመኪናው ከፍታ ጋር ያደባልቀዋል። ከፍታ ማለት ከሆዱ በታች ያለው ክፍት ቦታ ነው፤ ድንጋዩ ዲፈረንሻሉን ሳይመታ ማለፍ አለማለፉን ይወስናል። ውጣ ውረድ ግን አራቱም ጎማዎች መሬቱን ይዘው መቆየታቸውን ነው የሚወስነው። ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ሰስፔንሽኑ የደረቀ መኪና መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ቦይ ውስጥ ሲገባ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ተራ ዲፈረንሻል ደግሞ በሁለቱም ጎን ከቀላሉ ጎማ የበለጠ ጉልበት መስጠት አይችልም። የተንጠለጠለው ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር፣ መሬት የረገጠው ባልንጀራው ቀጥ ብሎ ይቆማል። በየክረምቱ ሰው ወርዶ የሚገፋው መኪና ሁሉ ሞተሩ ስላነሰው አይደለም የቆመው፤ ብዙ ጊዜ ጎማው መሬት ስላልደረሰ ነው።

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ይህ ነገር በየቀኑ ይታያል። አገሩ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጉና ተራራ ጀምሮ በደቡብ በኩል ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውና በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት ዋና መንገድ፣ ዛሬም በሕዝቡ ዘንድ የቻይና መንገድ ነው ስሙ። ከዚያ መሥመር ወደ ደቡብ፣ ወደ ወገዳና ወደ ስማዳ ቀበሌዎች ሲታጠፍ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በበጋ ኮረኮንቹ ጎማን ይቀጠቅጣል። በክረምት ዋልካው መሬት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ አይሱዙና ላንድክሩዘር የቆፈሩት የጎማ ፈለግ መስከረም ሲጠባ እንደ ሸክላ ይደርቃል። ጎርፍ በየዳገቱ የሰነጠቀው ቦይ መንገዱን ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ ይቆርጠዋል። የቀኝ የፊት ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የግራው ጉብታ ላይ የሚወጣበት፣ ከኋላ ደግሞ ተቃራኒው የሚሆንበት መሬት ነው።

በዚህ አገር ከመንኮራኩርና ከመንገድ የትኛው ለየትኛው ይስማማ የሚለው ጥያቄ ሞተር ከመምጣቱ በፊት ተነሥቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው በጋይንትና በዋድላ በኩል መቅደላ ያደረሱት በዚያው ዓመት መጋቢት ገደማ ነው። መድፉን የተሸከመው ሠረገላ ለመሬቱ መታጠፍ ስላልቻለ መሬቱ ለሠረገላው ተስተካከለ፤ አለቱ ተፈለጠ፣ ገደሉ ተሞላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠረጉ። ሰስፔንሽን ሥራው የዚህ ግልባጭ ነው። መንገዱ እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚታጠፈው መኪናው ነው።

የሚታጠፈው አካል በዚህ አካባቢ በሚሠሩት አብዛኞቹ መኪናዎች ላይ ባሌስትራ ነው። አይሱዙ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ የገባው 70 ተከታታይ ላንድክሩዘርም እንዲሁ ነበር፤ ለከባድ ሥራ የሚውሉት ሞዴሎቹ በ1999 ከፊት ወደ ጥቅል ሞላ ሲቀየሩ ከኋላ ግን ባሌስትራቸውን አልለቀቁም። ባሌስትራ በሠረገላ ዘመን የተወለደ ነገር ነው፤ እንግሊዛዊው ኦባዲያ ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1804 የሠረገላ ባሌስትራ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ብዙም ያልተለወጠው ነገሩ ቀላል ስለሆነ ነው። ተደራርበው የታሰሩት ዝርግ ብረቶች ጭነት ይሸከማሉ፣ አክስሉን በቦታው ይይዛሉ፣ እርስ በርስ ሲፋተጉም ንዝረቱን በመጠኑ ያበርዳሉ። አርጅቶ ሲሰበር እንኳ አይጣልም፤ ቀጥቃጩ ማረሻና ቢላዋ ያወጣበታል።

የባሌስትራ ጥንካሬ የሚለካበት ሕግ ለመካኒክም ለባለንብረትም ሊታወቅ ይገባል። የብረቱ ስፋት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ያድጋል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን በተቃራኒው ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ረጅምና ቀጭን ብረቶች የተደራረቡበት ባሌስትራ፣ አጭርና ወፍራም ከሆነው ጋር እኩል ጭነት እየቻለ አብልጦ ይታጠፋል።

ልኬቱ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ሜትር፣ ጠመኔ፣ ሁለት ክሪክና ጠንካራ መደገፊያ ይበቃሉ። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፤ የጎማው ንፋስ በትክክለኛው ልክ ይሞላል፤ በማይነሣው ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ይገባል። ከጎማው መካከል፣ ማለትም ከቸርኬው እምብርት፣ ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካና ይጻፋል። ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ መለካት ስሕተት ነው፤ የጎማው ንፋስ መጠን ልኬቱን ያዛባዋል። ቀጥሎ ክሪኩ ከሻንሲው ሥር ገብቶ ጎማው ሙሉ በሙሉ እስኪንጠለጠል መኪናው ይነሣል፤ ያው ርቀት እንደገና ይለካል። ይህ የቁልቁል ጫፍ ነው። የሽቅቡን ጫፍ ለማግኘት ሻንሲው በመደገፊያ ላይ በደንብ ካረፈ በኋላ ባሌስትራው ወይም ሞላው ከአክስሉ ይፈታል፤ አክስሉ በሁለተኛው ክሪክ ቀስ እየተባለ ወደ ላይ ጉዞውን እስከሚገታው ላስቲክ ማረፊያ ይገፋል። ሾክ አብዞርበሩም መፈታት አለበት፤ አለበለዚያ ከላስቲኩ በፊት እሱ ተጨርሶ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ ሲብስም ይሰበራል። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ድንጋይ መደርደርም መደገፊያ አይሆንም፤ ድንጋይ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር ይታይ። የፒክ አፕ የኋላ ጎማ ባዶውን ሲቆም ከቸርኬው እምብርት እስከ ፓራፋንጎ 56 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሲንጠለጠል 66፣ ላስቲኩን ሲነካ 47 ቢሆን፣ ቁልቁል ድርሻው 10፣ ሽቅቡ 9፣ ድምሩ 19 ሴንቲ ሜትር ነው። ባሌስትራው በያንዳንዱ ጎማ ላይ ለ1 ሴንቲ ሜትር 40 ኪሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ከኋላ 5 ኩንታል ድንች ሲጫንበት ጎማው በ6 ሴንቲ ሜትር ይገባል። ያኔ ሽቅብ የቀረው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መጠነኛ ድንጋይ ቢገጥመው ላስቲኩን ይመታል፤ የላስቲኩ ምት ሻንሲውን፣ የሻንሲው ምት የተሳፋሪውን ወገብ ያገኛል።

የተለመደው መፍትሔ ባሌስትራ ማስጨመር ነው። መኪናው ከኋላ አልቀመጥ ይላል፣ ጭነትም ይችላል፤ ባለንብረቱ ሰስፔንሽኑ የተሻሻለ ይመስለዋል። በዚያው ምሳሌ ላይ ጥንካሬው ወደ 80 ኪሎ ቢያድግ የሚሆነው እንዲህ ነው። ባዶውን እያንዳንዱ ጎማ 400 ኪሎ ቢሸከም፣ በፊተኛው ባሌስትራ ክብደቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይጫነው ነበር፤ በአዲሱ 5 ብቻ ይጫነዋል። መኪናው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በሜትር ሲለካ ድምሩ አሁንም 19 ነው፤ ሽቅብ 14፣ ቁልቁል 5። ነገር ግን ሽቅቡን ሙሉውን ለመጠቀም ቀድሞ ለ9 ሴንቲ ሜትር 360 ኪሎ ተጨማሪ ግፊት ሲበቃ፣ አሁን ለ14 ሴንቲ ሜትር 1,120 ኪሎ ያስፈልጋል። ባዶ መኪና ይህን ግፊት የሚያገኘው ዘሎ ሲያርፍ ብቻ ነው። ቁልቁሉ ደግሞ በግማሽ ቀነሰ። ባሌስትራ ጎማን ወደ ጉድጓድ በጉልበት የሚገፋው መኪናው ቆሞ በተጫነው ልክ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ጎማው በራሱ ክብደት ነው የሚንጠለጠለው። ስለዚህ የተጨመረው ብረት ጭነት ሰጠ፤ በምትኩ መሬት መያዝን ወሰደ። በየቀኑ እየጫነ ለሚመላለስ አይሱዙ ይህ ልውውጥ ሊያዋጣ ይችላል፤ ግማሽ መንገዱን ባዶውን ለሚሄድ መኪና ግን አያዋጣም።

ከሁሉ ይልቅ የማያዋጣው ለአምቡላንስ ነው። በገጠር ወረዳዎች ብዙዎቹ አምቡላንሶች የኋላ ባሌስትራቸው ለከባድ ጭነት የተሠራ ላንድክሩዘሮች ናቸው፤ የሚጭኑት ግን አንዲት ምጥ የያዛት እናት፣ አንድ የጤና ባለሙያና ሁለት ሦስት አስታማሚ ነው። ባሌስትራው በክብደቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከተጫነ መኪናው በሰከንድ 1.6 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከተጫነ ወደ 2.2 ያድጋል። የሰው ደረትና ሆድ አብልጦ የሚናወጠው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 በሚሆን ንዝረት ነው፤ ሰስፔንሽኑ በጠነከረ ቁጥር ከዚህ ክልል የሚመጣው ንዝረት ሳይጣራ ወደ አልጋው ይደርሳል። ለእንዲህ ያለ መኪና ትክክለኛው ማሻሻያ ለሚሸከመው ቀላል ክብደት የሚመጥን፣ ረጅምና ልል ባሌስትራ መግጠም ነው። ጥንካሬ መጨመር በሽተኛን መበደል ነው።

ማሻሻል መጀመር ያለበት ከጥገና ነው፤ ይህን ዘልሎ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በባሌስትራው ጫፎች ያሉት ፒኖች ግራሶ ካልጠጡ ይነክሳሉ፤ የነከሰ ፒን ባሌስትራው ሲጫንና ሲለቀቅ እንዳይረዝምና እንዳያጥር ስለሚይዘው ጎማው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በብረቶቹ መካከል ጭቃና ዝገት ሲጠራቀም ብረቶቹ ሁሉ እንደ አንድ ወፍራም ብረት ይሆናሉ። ያለቀ ጎሚኒ፣ የተሰነጠቀ ላስቲክ ማረፊያ፣ ዘይቱ የፈሰሰ ሾክ አብዞርበር መጀመሪያ ይተካሉ። የተቀመጠ ባሌስትራን በእሳት አግሎ እንደገና ማጉበጥ በየከተማው ይሠራል፤ ብረቱ ግን ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተሰጠው ልክ ያለው ግለትና ቅዝቃዜ ነው። በተራ ምድጃ ሲግል ያ ጠባይ ይጠፋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወይ ተመልሶ ይቀመጣል ወይ ይሰበራል። ከአዲስ አበባው ሱማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ያገለገለ ባሌስትራ ሲገዛ፣ ከመካከለኛው ብሎን ቀዳዳ አጠገብ ስንጥቅ መኖሩ በደንብ መታየት አለበት።

ሾክ አብዞርበር ለብቻው መለካት ይገባዋል። ሥራው ጭነት መሸከም አይደለም፤ ባሌስትራው እንደ ኳስ እንዳይነጥር ጉልበቱን ወደ ሙቀት ለውጦ መግደል ነው። እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ መንገድ ላይ ረጅም ሰዓት ሲሠራ ዘይቱ ይግላል፣ አረፋ ይይዛል፣ መኪናውም መዋኘት ይጀምራል። በናይትሮጅን ጋዝ ግፊት የሚሠራው ዓይነት አረፋውን ስለሚከላከል ለእንዲህ ያለ መንገድ የተሻለ ነው። ርዝመቱ ግን ከዓይነቱ በፊት ይመጣል። ጎማው ላስቲኩን ነክቶ ሳለ በሁለቱ የሾክ መያዣዎች መካከል ያለው ርቀት 36 ሴንቲ ሜትር፣ ተንጠልጥሎ ሳለ 55 ከሆነ፣ የሚገዛው ሾክ ሲጨመቅ ከ36 ማጠር፣ ሲዘረጋ ከ55 መብለጥ አለበት፤ ለምሳሌ 34 እና 56። ሲጨመቅ የሚረዝም ሾክ ከተገጠመ የመኪናውን ክብደት በሙሉ የሚቀበለው እሱ ይሆንና መያዣውን ይገነጥላል። ሾኩ ጋደል ብሎ ከተገጠመም ሒሳቡ ይለወጣል፤ ከቀጥታው በ30 ዲግሪ ያዘነበለ ሾክ ጎማው 10 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ እሱ 8.7 ያህል ብቻ ነው የሚሄደው።

የጎማው ውጣ ውረድ በመሬት ላይ የሚያስገኘው ጥቅም በመወጣጫ ይፈተናል። በ20 ዲግሪ ያዘነበለ መወጣጫ ላይ በአንድ የፊት ጎማ ብቻ እየተወጣ፣ ከቀሩት ጎማዎች አንዱ መሬት ለመልቀቅ እስኪቃረብ ይኬዳል። በመወጣጫው ላይ የተሄደው ርቀት በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ላለው ርቀት ተካፍሎ በ1,000 ይባዛል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 2.98 ሜትር ያለው ላንድክሩዘር 1.49 ሜትር ቢወጣ ውጤቱ 500 ነው፤ ያን ጊዜ ጎማው ከመሬት 51 ሴንቲ ሜትር ተነሥቷል። ፈተናው ወጥ አክስል ያላቸውን መኪናዎች ትልቅ ጥቅም ያሳያል፦ አንዱ ጎማ ወደ ላይ ሲገፋ አክስሉ እንደ ሚዛን አዘንብሎ ሌላውን ወደ ታች ይጫነዋል። ሁለቱን ጎን የሚያያይዘው፣ በጥምዝ ላይ ማዘንበልን የሚከላከለው ዘንግ ይህን እንቅስቃሴ ያስራል፤ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ፈትቶ አስፋልት ሲደርሱ መልሶ መግጠም ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ነው ማስረዘም የሚመጣው። ረጅም ሾክና ልል ባሌስትራ ቁልቁሉን ያሳድጋሉ። የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ሻክል በ5 ሴንቲ ሜትር ማስረዘም መኪናውን በግማሹ፣ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ከፊት ከሆነ ግን የመሪውን ማዕዘን ስለሚያዛባ መሪው ተመልሶ መቅናት ሊሳነው ይችላል። በአክስልና በባሌስትራ መካከል የሚገባ የብረት ኩብ ከፍታ እንጂ ውጣ ውረድ አይጨምርም፤ ከፊት ማስገባቱ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ሊያፈናጥረው ስለሚችል ጨርሶ የማይሞከር ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ሥር አውጥቶ ከላይ ማስቀመጥ ትልቅ ከፍታ ይሰጣል፤ ብየዳው ግን የአክስሉን ዕድሜ የሚወስን ስለሆነ ልምድ ላለው በያጅ እንጂ ለሙከራ የሚሰጥ አይደለም።

ጎማው አዲስ ርቀት ሲያገኝ ከሱ ጋር የታሰረው ሁሉ አብሮ መርዘም አለበት። የፍሬን ጎሚኒ ቱቦ አጭር ከሆነ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ይወጠራል፤ ተወጥሮ ከተበጠሰ ፍሬን የለም። ኃይል ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ ማዕዘኑ ሲሰፋ ክሮቼራው ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎም ያልቃል። በብዙ ፒክ አፖች ላይ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የምትሄድ ቀጭን ዘንግ አለች፤ የጭነቱን መጠን በከፍታው እያነበበች ለኋላ ፍሬን የሚደርሰውን ግፊት ትመጥናለች። መኪናው ከፍ ሲደረግ ዘንጓ ባዶ ነው ብላ ታነባለች፤ የኋላ ፍሬኑ ይዳከማል። ይህ ካልተስተካከለ ተጭኖ የጉናን ቁልቁለት የሚወርድ መኪና የፊት ፍሬኑን ብቻ ያግላል። ብዙ ጋራዦች የሚረሷት ነገር ይህች ዘንግ ናት።

ከፍታ ከመገልበጥም ጋር ሒሳብ አለው። የጎማዎቹ የጎን ርቀት 1.45 ሜትር፣ የክብደቱ መካከል ደግሞ ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ መኪና ቆሞ ሳለ ወደ 44 ዲግሪ እስኪያዘነብል አይገለበጥም። 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ልኩ ወደ 42 ይወርዳል። ጣሪያው ላይ ዕቃና ሰው ተጭኖ የክብደቱ መካከል 1 ሜትር ሲደርስ 36 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ለቆመ መኪና ነው፤ በጥምዝ ላይ ፍጥነት ሲጨመርበት ልኩ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ ረጅም ውጣ ውረድ የሚፈልግ ሰው ከፍታውን በተቻለው መጠን አሳንሶ፣ ለጎማው ሰፊ ቦታ ከፓራፋንጎው ሥር ማግኘት ይሻለዋል።

ሥራው ሲያልቅ የመጀመሪያው ልኬት እንዳለ ይደገማል። ጎማው ሽቅብ ጫፍ ላይ ሆኖ መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሙሉ በሙሉ ይዞራል፤ ፓራፋንጎ፣ ቱቦ ወይም ሻንሲ መንካቱ ይታያል። ጎማው ቁልቁል ጫፍ ላይ ሆኖ ደግሞ የፍሬን ቱቦውና ዘንጉ ይፈተሻሉ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ጎባጣ ብሎኖች የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ ነው። ጎሚኒ የገባባቸው የጫፍ ብሎኖችም እንዲሁ፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀርና በጥቂት ሳምንት ይቀደዳል። አዲስ ባሌስትራ ጭነት ሲያገኝ ብረቶቹ ተጠጋግተው ይቀመጣሉና፣ ብሎኖቹ መኪናው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና ይጠብቃሉ፤ ከፓራፋንጎ እስከ ቸርኬው እምብርት ያለው ርቀትም ያን ጊዜ ዳግመኛ ይለካና ከመጀመሪያው ቁጥር ጎን ይጻፋል።